የቶርኖ ስለትና ድንጋዩ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት የቦረና ደጋዎች ማረሻው የዶለዶመበት ገበሬ ወደ ቀጥቃጭ ይሄዳል። ቀጥቃጩ ብረቱን በወናፍ በተቀጣጠለ ከሰል ያግላል፣ መስፍ ላይ አጋድሞ ጫፉን በመዶሻ ያቀጥናል፣ ከዚያም ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። የሙቀት መለኪያ የለውም። መቼ መምታት፣ መቼ መንከር እንዳለበት የሚነግረው የብረቱ ቀለም ነው። ይህን የመሰለ እውቀት የያዙ ሰዎች ለዘመናት ሲናቁ መኖራቸው ያሳዝናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ የከለከሉትም ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው።

የቶርኖ ባለሙያም ዋና ጉዳዩ ያው ስለት ነው። በቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው የሚቆረጠው ብረት ሲሆን፣ መቁረጫው በመያዣው ታስሮ ቀስ እያለ ይጠጋዋል። የተበላ የወፍጮ ዘንግ፣ ያለቀ ቡሽ፣ የተሰበረ ፑሊ የሚታደሰው በዚህ መንገድ ነው። ከመካነ ሰላም ደሴ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ወፍጮው የቆመበት ሰው ለአንድ ዘንግ ያን ያህል መንገድ ከሚጓዝ፣ በግቢው ትንሽ ቶርኖ ያቆመ ጎረቤት ቢያገኝ ይመርጣል። ማሽኑ ግን ያለ ስል መቁረጫ ዋጋ የለውም። የዶለዶመ መቁረጫ ብረቱን ያሻሸዋል፣ ያግለዋል፣ ፊቱን ሻካራ አድርጎ ይተወዋል።

መቁረጫው ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይቀድማል። ድሮ ቶርኖም የሚሠራው በተራ የካርቦን ብረት መቁረጫ ነበር። ይህ ብረት ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ጥንካሬውን ማጣት ስለሚጀምር ሥራው በዝግታ ይሄድ ነበር። እንግሊዛዊው ሮበርት ሙሼት እ.ኤ.አ. በ1868 ተንግስተን የጨመረበት ብረት ሠርቶ መንገዱን ከፈተ። ከዚያም አሜሪካውያኑ ፍሬድሪክ ቴይለርና ማውንሰል ዋይት ዛሬ ሃይ ስፒድ ስቲል የሚባለውን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ጎብኚዎች ያዩት ነገር ለማመን የሚያስቸግር ነበር፤ የመቁረጫው ጫፍ በግለት ቀልቶ ሳለ ብረት መቁረጡን አላቆመም። ይህ ብረት እስከ 600 ዲግሪ ገደማ ጥንካሬውን ይዞ ይቆያል።

ስለዚህ የቀጥቃጩ የቀለም እውቀት መቁረጫ በሚሳልበት የግራይንደር ድንጋይ ላይ ሲመጣ መጠነኛ ማስተካከያ ይፈልጋል። የካርቦን ብረት ሲሞረድ ከሰማያዊ ከደረሰ የዚያ ቦታ ጥንካሬ ሄዷል፤ እስኪያልፍ ድረስ መሞረድ ግድ ነው። ሃይ ስፒድ ስቲል ግን ሰማያዊ ቢሆንም አይሞትም። ጉዳቱ የሚመጣው እጅግ የጋለውን በድንገት ውኃ ውስጥ በመክተት ነው፤ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይፈጠርበታል። ጥሩ ባለሙያ ሳይጫን እየነካካ፣ ሳይግል በፊት ቶሎ ቶሎ እያቀዘቀዘ ይሞርዳል። ካርባይድ የሚባለው ሌላ ጠንካራ ቁስ የተበየደበት መቁረጫ ከሆነ ውኃ ጨርሶ አይነካውም፤ ድንጋዩም የተለመደው ግራጫ ሳይሆን አረንጓዴው ሲሊከን ካርባይድ መሆን አለበት።

ቀጥሎ ማዕዘን ነው። ከጫፉ ፊትና ጎን በታች ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ተከርክሞ ካልወጣ መቁረጫው ሆዱን በሥራው ላይ ይጎትታል። ለተራ ብረት የላይኛው ፊት ወደ ጎን ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ዘንበል ይደረጋል። ለነሐስ ይህ ዝንባሌ ዜሮ ነው፤ አለዚያ መቁረጫው ነክሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ለአልሙኒየም በተቃራኒው ብዙ ዝንባሌ ያስፈልጋል። ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ክብነት ይለዝባል፣ በመጨረሻም በዘይት ድንጋይ ይታሻል። ይህን የመጨረሻ ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ የሥራው ፊት የሚያምረው ግን እዚህ ላይ ነው። የተሳለው መቁረጫ ሲታሰርም ከሥራው መሐል ቁመት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ቀጭን የብረት ማስመሪያ በሁለቱ መካከል ላላ ተደርጎ ሲያዝ ቀጥ ብሎ ከቆመ ልኩ ነው።

ድንጋዩ መከበር ያለበት ነገር ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ድንጋይ በደቂቃ 2,850 ጊዜ ሲዞር ዳርቻው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። አዲስ ድንጋይ ከመታሰሩ በፊት ተንጠልጥሎ በእንጨት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለበት፤ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። በድንጋዩና በማስደገፊያው መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የዓይን መከላከያ ግዴታ ነው፤ ጓንት ግን አይደረግም። በደጋው ብርድ ጋቢ ለብሶ መሞረድ ደግሞ አደገኛ ነው፤ ጫፉ ከተያዘ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል።

ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ሲዶለዱም ተነቅለው በሚጣሉ የካርባይድ ቁራጮች ይሠራል። ለገጠር ከተማ ቶርኖ ቤት ግን ደግሞ ደጋግሞ የሚሞረደው ሃይ ስፒድ ስቲል የተሻለ ነው፤ አንዱ መቁረጫ በጥንቃቄ ከተያዘ ዓመታት ያገለግላል። ትንሽ ቶርኖ ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ግራይንደሩንም አብሮ ያስብ፤ ልምምዱንም ውዱ መቁረጫ ላይ ሳይሆን አራት ማዕዘን በሆነ ተራ ብረት ላይ ይጀምር።