ማውዝ የማያውቁት ኤዲተሮች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን መጥቀስ ከማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የኢሜይል ሰርቨር እንዳስተካክል ተጠራሁ። ሥራው የአንድ ቁጥር ለውጥ ብቻ ነበር። ማታ ከቤቴ ሆኜ ከሰርቨሩ ጋር ተገናኘሁ፣ ፋይሉን ቪ በተባለው ኤዲተር ከፈትኩ፣ «ጄ» የምትለዋን ፊደል ደጋግሜ እየተጫንኩ ወደታች ወረድኩ፣ ቁጥሩን ቀይሬ አስቀመጥኩና ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት ለመሥሪያ ቤቱ አንድም መልእክት አልገባም።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ለካ ስጀምር ካፕስ ሎክ በርቶ ነበር። በቪ ውስጥ ትንሿ «ጄ» አንድ መስመር ታወርዳለች፤ ትልቋ «ጄ» ግን የታችኛውን መስመር አንስታ ከላይኛው ጋር ትቀጥላለች። እኔ ወረድኩ ስል ሦስት የሥራ መስመሮችን በ# ምልክት ከሚጀምር የማስታወሻ መስመር ጋር ገጥሜያቸዋለሁ። ፕሮግራሙ ደግሞ ከዚያ ምልክት በኋላ ያለውን ጽሑፍ አያነብም። ካፕስ ሎኩን ቶሎ አይቼ አጠፋሁት እንጂ ምን እንዳበላሸ ልብ አላልኩም። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የራሴው ነው። በጊዜው ትንሿን «ዩ» ብጫን ኖሮ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ነበር።

አንባቢ «ታዲያ በዚህ ዘመን ምን አስገደደህ?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኞቹ ሰርቨሮች ስክሪንም ማውዝም የላቸውም። ሰው ወደ እነሱ የሚገባው በተርሚናል ነው፤ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነም ኢንተርኔቱ ሲያነክስ እንኳ ሥራው አይቆምም። ደግሞም ብዙ ሰው ቪን የሚያገኘው መርጦት አይደለም። ጊት የተባለውን ፕሮግራም የጀመረ ተማሪ የለውጡን መግለጫ ሳይጽፍ ትእዛዙን ሲሰጥ፣ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ድንገት ቪ ይከፈትበታል። የሚጽፈው አይጻፍም፣ መውጫውም አይታይም። መጨረሻው መስኮቱን መዝጋት፣ ሲብስም ኮምፒዩተሩን ማጥፋት ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ናኖን ነው። ሲከፈት እንደማንኛውም ወረቀት ይጻፍበታል፤ ዋና ዋናዎቹ ትእዛዞችም ከታች በሁለት መስመር ተዘርዝረው ይታያሉ። እዚያ ላይ ከፊደሎቹ በፊት ያለችው የባርኔጣ ምልክት ኮንትሮል ማለት ናት። ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኦ ተጭኖ ኢንተር፣ ለመውጣት ኮንትሮልና ኤክስ። ያላስቀመጡት ነገር ካለ ይጠይቅዎታል። ኮንትሮልና ኬ መስመሩን ቆርጦ ያነሳል፣ ኮንትሮልና ዩ የተነሳውን ይለጥፋል፣ ኮንትሮልና ደብሊው ቃል ይፈልጋል። የመጨረሻዋን በጥንቃቄ፤ ተርሚናሉን በብሮውዘር ውስጥ ከፍተው ከሆነ ያው ቁልፍ ገጹን ራሱን ሊዘጋብዎት ይችላል።

የቪ ነገር ሌላ ነው። ቪ ሁለት ዋና ጠባይ አለው፤ በአንዱ ፊደል ፊደል ነው፣ በሌላው ፊደል ትእዛዝ ነው። ሲከፈት የሚጀምረው በትእዛዙ ነው፤ አዲስ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው። ለመጻፍ ትንሿን «አይ» ይጫኑ። ሲጨርሱ ኢስኬፕ። ከዚያ ሁለት ነጥብ (:) ጽፈው «ደብሊው» እና ኢንተር ቢሉ ያስቀምጣል፣ «ኪው» ቢሉ ይወጣል፣ ሁለቱን አከታትለው ቢጽፉ አስቀምጦ ይወጣል። የነካካሁት ሁሉ ይቅር ካሉ ደግሞ ከ«ኪው» ቀጥሎ ቃለ አጋኖ ይጨምሩ። ግራ በገባዎት ጊዜ ሁሉ መጀመሪያ ኢስኬፕን ይጫኑ፤ ሁለቴ ቢጫኑትም አይጎዳም።

ከዚህ በኋላ ያለው እየጣመ የሚሄድ ነው። «ዲ» ሁለቴ መስመር ያጠፋል፤ ከፊቱ 5 ቁጥር ቢያስቀድሙ አምስት መስመር ያጠፋል። «ዋይ» ሁለቴ ይቀዳል፣ «ፒ» ይለጥፋል። ወደ ቀኝ ያዘነበለችው ሰረዝ (/) ቃል ትፈልጋለች፣ «ኤን» ቀጣዩን ታሳያለች። ትልቋ «ጂ» ወደ ፋይሉ መጨረሻ፣ ትንሿ «ጂ» ሁለቴ ወደ መጀመሪያው ትወስዳለች። ትንሿ «ዩ» የተሠራውን ትሽራለች፣ ኮንትሮልና አር የተሻረውን ይመልሳል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ያለ ምክንያት አልመጣም። ቢል ጆይ ቪን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተማሪ ሳለ ነው። ይሠራበት የነበረው ኤዲኤም-3ኤ የተባለ ተርሚናል ቀስቶቹ የታተሙት በ«ኤች»፣ «ጄ»፣ «ኬ» እና «ኤል» ፊደሎች ላይ ነበር። ኢስኬፕም ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ ላይ፣ ከትንሿ ጣት ሥር ነበረች። በዘመኑ በ300 ባውድ የስልክ መስመር በሴኮንድ 30 ያህል ፊደል ብቻ ሲያልፍ፣ አንድ ሙሉ ስክሪን ለመሙላት ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። በአንድ ፊደል ብዙ ማሠራት ቅንጦት አልነበረም።

ዛሬ ቪ ብለን የምንከፍተው በአብዛኛው ቪም ነው። ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 አወጣው። ቪምን ያለ ፋይል የከፈተ ሰው በኡጋንዳ ያሉ ድሃ ሕፃናትን እንዲረዳ የሚጠይቅ መልእክት ያያል፤ ሞሌናር በደቡብ ኡጋንዳ ኪባሌ በተባለ ስፍራ ሠርቶ ስለነበር ፕሮግራሙን በነፃ ሰጥቶ የወደደ ሰው ለዚያ ፕሮጀክት እንዲለግስ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 አርፏል።

መብራት ለሚጠፋብን ሰዎች የቪም ትልቁ ውለታው ሌላ ነው። በሚጽፉበት ጊዜ በስውር መጠባበቂያ ፋይል ይይዛል፤ በየ200 ፊደሉ ወይም እጅዎን ለአራት ሴኮንድ ሲያሳርፉ ያድሰዋል። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሲበራ ያንኑ ፋይል ቢከፍቱ ረጅም ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብዙ ሰው ይደነግጥና ይዘጋዋል። «አር» ቢሉ ግን የጻፉት ይመለሳል። ከዚያ ያስቀምጡና መጠባበቂያውን ያጥፉ። ማስጠንቀቂያው ሌላ ሰው ያንኑ ፋይል ሲያርምም ይመጣልና፣ ባልደረባዎን ሳይጠይቁ አይቀጥሉ።

ኢማክስ የተባለው ሦስተኛው ራሱን የቻለ ዓለም ነው፤ በስህተት ከገቡበት ኮንትሮልና ኤክስ፣ ቀጥሎ ኮንትሮልና ሲ ያስወጣዎታል።

ከዎርድ የመጣ ሰው እጁ ለኮንትሮልና ኤስ ይቸኩላል። በብዙ ተርሚናሎች ይህ ማስቀመጫ አይደለም፤ ስክሪኑን ያደርቀዋል። ኮንትሮልና ኪው ይለቀዋል። በመካከሉ ቁልፎችን መደብደብ ግን አይገባም፣ ስክሪኑ ሲለቀቅ የደበደቡት ሁሉ ተፈጽሞ ይጠብቅዎታል። አዳዲሶቹ የናኖ እትሞች ይህን ቁልፍ ለማስቀመጫ ይቀበሉታል። ኮንትሮልና ዜድም ቪምን አይሽርም፣ ከጀርባ ያቆመዋል፤ ለመመለስ «ኤፍ ጂ» ብሎ ኢንተር ነው። በአማርኛ ለምንጽፍም አንድ ነገር ልጨምር። ኪቦርዱ በግዕዝ ፊደል ላይ ከቀረ ኢስኬፕ ብለው የሚጫኑትን ቪም አያውቀውም። ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ወደ እንግሊዝኛው ይመልሱት።

እኔ ከዚያች ሌሊት ወዲህ የሰርቨር ፋይል ከመክፈቴ በፊት በ«ሲፒ» ትእዛዝ ቅጂውን ቀኑን ጨምሬ አስቀምጣለሁ። ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባውን የኤስኤስኤች ፋይል ስነካ ደግሞ የከፈትኩትን ተርሚናል ሳልዘጋ በሁለተኛ ተርሚናል ገብቼ እሞክራለሁ። ያ ሁለተኛው ካልገባ፣ ማስተካከያዬ የመጀመሪያው ነው።