ሁለት መንግሥታት በአንድ ሥዕል የተስማሙበት የወንዝ ቴምብር

እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1959 የካናዳና የአሜሪካ ፖስታ ቤቶች፣ የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ለትልልቅ የውቅያኖስ መርከቦች መከፈቱን ለመዘከር፣ ሥዕሉ አንድ፣ ዋጋው ግን የተለያየ ቴምብር በአንድ ቀን ለሽያጭ አቀረቡ። የካናዳው 5 ሳንቲም፣ የአሜሪካው ደግሞ 4 ሳንቲም የሚያወጣ ሲሆን፣ ይህም እያንዳንዱ አገር በጊዜው ለአንድ ተራ የአገር ውስጥ ደብዳቤ የሚያስከፍለው ሒሳብ ነበር። ሁለት አገሮች ተስማምተው በጋራ ሥዕል ወይም በጋራ ርዕስ የሚያወጡት ቴምብር በሰብሳቢዎች ዘንድ የጋራ ዕትም ይባላል፤ አሜሪካ ከሌላ አገር ጋር ያወጣችው የመጀመሪያው የጋራ ዕትምም ይኸው የሴንት ሎውረንስ ቴምብር ነው።

የፖስታ ቴምብር እ.ኤ.አ. በ1840 በእንግሊዝ ሥራ ላይ ሲውል ዓላማው የመላኪያው ሒሳብ አስቀድሞ መከፈሉን ማረጋገጥ ብቻ ነበር። በኋላ ግን መንግሥታት ይህች ትንሽ ወረቀት በየቤቱና በየአገሩ እንደምትገባ በመረዳት፣ ለረጅም ጊዜ በተደጋጋሚ ከሚታተመው መደበኛ ቴምብር ሌላ፣ አንድን ሰው፣ በዓል ወይም ሥራ ለማስታወስ ለተወሰነ ጊዜ የሚሸጥ መታሰቢያ ቴምብር ማውጣት ጀመሩ። መታሰቢያ ቴምብር ስለዚህ አንድ መንግሥት ስለ ራሱ ሊናገር የወደደውን የሚናገርበት ይፋዊ ሰነድ ሲሆን፣ እንደማንኛውም ሰነድ የተጻፈበትን ምክንያትና የተወውን ነገር ጭምር በማወቅ ሊነበብ ይገባዋል። የሴንት ሎውረንሱ ቴምብር ለዚህ ዓይነቱ ንባብ እጅግ ተስማሚ ነው።

የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ከኦንታርዮ ሐይቅ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በመጓዝ፣ አምስቱን ታላላቅ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆች ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ያገናኛል። ከጉዞው ከፊሉ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ የሚያልፍ ሲሆን፣ የተቀረው በካናዳ ምድር ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው መርከበኛ ዣክ ካርትዬ እ.ኤ.አ. በ1535 ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ዛሬ የሞንትሪያል ከተማ ወደምትገኝበት ስፍራ ቢደርስም፣ ከዚያ በላይ ያለው ፏፏቴያማ የውኃ ቁልቁለት መርከብ የሚያሳልፍ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1825 የተከፈተው የላሺን ቦይና ከዚያ በኋላ የተቆፈሩት ሌሎች ቦዮች አነስተኛ መርከቦችን ቢያሳልፉም፣ ውቅያኖስ የሚያቋርጡት ትልልቆቹ ግን ጭነታቸውን ሞንትሪያል ላይ ከማራገፍ በቀር አማራጭ አልነበራቸውም።

ይህን መሰናክል ለማስወገድ መሐንዲሶች ከነበረባቸው ችግር ይልቅ የፖለቲካው ችግር የከፋ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1932 የተፈራረሙት ስምምነት ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ውድቅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1941 የተደረገው ሌላ ስምምነትም ሳይጸድቅ ቀረ። የምሥራቅ ጠረፍ ወደቦችና የባቡር ኩባንያዎች፣ ጭነቱ በወንዙ በኩል ቢሄድ ገቢያቸው እንደሚቀንስ በመስጋት አጥብቀው ተቃውመው ነበር። በመጨረሻ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራውን በራሷ ምድር ብቻዋን ለማካሄድ የሚያስችላትን ሕግ አወጣች፤ አሜሪካ ደግሞ ከአዲሱ መሥመር ውጭ ሆና መቅረት ስላልፈለገች፣ ኮንግረሷ እ.ኤ.አ. በ1954 በሥራው ለመሳተፍ ወሰነ። የቴምብሩ ሥዕል ትርጉም የሚገባው ይህን የረጅም ዘመን ጭቅጭቅ ለሚያውቅ አንባቢ ነው፤ ቴምብሩ የሚያበሥረው የቦይ መከፈትን ብቻ ሳይሆን የክርክር መዘጋትንም ነውና።

ግንባታው አምስት ዓመት ያህል የፈጀ ሲሆን፣ 470 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሆነው ወጪ የሚበዛውን የሸፈነችው ካናዳ ናት። በሞንትሪያልና በኦንታርዮ ሐይቅ መካከል ሰባት ማሳለፊያ ገንዳዎች ተሠሩ፤ አምስቱ በካናዳ፣ ሁለቱ በአሜሪካ ወገን ይገኛሉ። ማሳለፊያ ገንዳ ማለት በሁለቱም ጫፍ ግዙፍ በሮች ያሉት የኮንክሪት ቤት ነው። ሽቅብ የምትወጣ መርከብ በታችኛው በር ትገባና በሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ከላይ በኩል ያለው ውኃ በውስጥ ለውስጥ መተላለፊያ ያለ ምንም ፓምፕ፣ በራሱ ክብደት ብቻ እየወረደ ገንዳውን ሲሞላ መርከቧ ከነጭነቷ ከፍ ትላለች፤ ውኃው ከላይኛው ወንዝ እኩል ሲሆን የላይኛው በር ተከፍቶ ጉዞዋን ትቀጥላለች። ገንዳዎቹ 233 ሜትር ያህል ርዝመትና 24 ሜትር ያህል ስፋት አላቸው። ከአትላንቲክ ተነሥታ በላይኛው ሐይቅ ዳር እስካለችው የዱሉት ወደብ የምትዘልቅ መርከብ፣ በየገንዳው እየተነሣች 3,700 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ የምትደርስበት ሐይቅም ከባሕር ወለል በላይ 183 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው።

መሥመሩ እ.ኤ.አ. በ1959 ኤፕሪል መጨረሻ ለመርከቦች ክፍት ቢሆንም፣ ይፋዊው ምረቃ የተካሄደው በጁን 26 ሲሆን፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትና ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በሞንትሪያል አቅራቢያ በሴንት ላምበር ተገኝተው መርቀውታል። ቴምብሩም በዚያው ዕለት ወጣ። የካናዳው በኦታዋ፣ የአሜሪካው ደግሞ በፕሬዚዳንቱ ስም የተሰየመው ማሳለፊያ ገንዳ በሚገኝባት በማሲና፣ ኒው ዮርክ፣ የመጀመሪያው ቀን ማኅተም ተመትቶበታል።

ቴምብሩን ቀረብ ብሎ ለሚመለከተው፣ ከበስተጀርባ የታላላቆቹ ሐይቆች ቅርጽ፣ ከፊት ደግሞ እንደ ሰንሰለት ቀለበት የተያያዙ ሁለት ክፈፎች ይታያሉ። በአንደኛው ውስጥ የካናዳ ምልክት የሆነው የሜፕል ዛፍ ቅጠል፣ በሌላኛው ውስጥ የአሜሪካው ንሥር አለ። በጊዜው ካናዳ ቅጠሏን ገና በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ አላኖረችም ነበር፤ ይህ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ንድፉ የሁለቱም አገሮች ሠዓሊዎች ሥራ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ምልክቶች አንዱ ሌላውን እንዳይጫን ጥንቃቄ ተደርጎበታል። የካናዳው ቴምብር ጽሑፍ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ መሆኑና የዋጋው ልዩነት ካልሆነ በቀር፣ ሁለቱ ቴምብሮች የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው ወዲያው ይለያል። ከሥዕሉ ዋና ሐሳብ ጋር በሚስማማ መልኩ፣ እያንዳንዱ አገር ቴምብሩን ያሳተመው በራሱ ማተሚያ ቤት ነበር።

ሕትመቱ ቀይና ሰማያዊ ቀለም ስለነበረው፣ እያንዳንዱ ሉህ፣ ማለትም ብዙ ቴምብሮች በአንድ ላይ የሚታተሙበት ትልቅ ወረቀት፣ በማተሚያው ሁለት ጊዜ ማለፍ ነበረበት። በካናዳ ጥቂት ሉሆች ለሁለተኛው ቀለም ሲገቡ ራሳቸው ወደ እግራቸው ዞረው ስለነበር፣ አንዱ ቀለም ከሌላው አንጻር ተገልብጦ ታተመ። ስሕተቱ ከተቆጣጣሪዎች ዓይን አምልጦ ወደ ፖስታ ቤቶች ሄደ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት ወር በዊኒፔግ ከተማ ከመታወቁ በፊትም፣ ከተገለበጡት አንዳንዶቹ በተራ ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው ተልከዋል። ለሕዝብ የተሸጡት በጥቂት መቶዎች ብቻ የሚቆጠሩ በመሆናቸው፣ የአምስት ሳንቲሙ ቴምብር ዛሬ ከካናዳ የስሕተት ቴምብሮች ሁሉ የታወቀውና በሺዎች ዶላር የሚሸጠው ሆኗል።

አንድ መንግሥት እንዲህ ያለ ስሕተት ሲያጋጥመው የሚወስደው እርምጃ የቴምብሩን ዕጣ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ፖስታ ቤት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ለነበሩት ለዳግ ሐመርሾልድ ባወጣው መታሰቢያ ላይ ተመሳሳይ ስሕተት ሲታይ፣ ማንም በዕድል እንዳይከብር በማለት ስሕተቱን ሆን ብሎ በሚሊዮኖች እንዲታተም አድርጓል፤ በዚህም የተነሣ ያ ቴምብር ርካሽ ሆኖ ቀረ። የካናዳው ግን ሳይባዛ ስለቀረ ብርቅነቱን ጠብቋል።

ይሁን እንጂ ከሕትመት ስሕተቱ ይልቅ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም በቴምብሩ ላይ ቦታ ያላገኘው ነው። ለመርከብ መሥመሩና አብሮት ለተሠራው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ሲባል ወንዙ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 1958 ጀምሮ በኦንታርዮ ወገን እንዲያጥለቀልቅ በመደረጉ፣ 6,500 ያህል ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ። አንዳንዱ ቤት ከመሠረቱ ተነሥቶ በተሽከርካሪ ወደ አዳዲስ ከተሞች ተጓጓዘ፤ ኦልትስቪልና ሚል ሮሽን የመሳሰሉት መንደሮች ግን ከውኃ በታች ቀሩ፤ እስከ ዛሬም የጠፉት መንደሮች ተብለው ይጠራሉ። በሞንትሪያል አጠገብ የሚኖሩት የካናዋኬ ሞሃውኮችም መሬታቸው ለቦዩ ስለተወሰደባቸው፣ ኑሯቸው ከተመሠረተበት ወንዝ ተነጠሉ። በሥዕሉ ላይ የተያያዙት ሁለት ቀለበቶች የሁለት መንግሥታትን ስምምነት በታማኝነት ያሳያሉ፤ በወንዙ ዳር ይኖር የነበረውና ስለ ፈቃዱ በቅጡ ያልተጠየቀው ሦስተኛው ወገን ግን በሰንሰለቱ ውስጥ የለም። ከዚህም በላይ ከሩቅ ባሕር የሚመጡ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሆዳቸው የሚይዙት ውኃ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 በሐይቆቹ የተገኘውን የሜዳ አህያ መልክ ያለው ባለ ሁለት ዛጎል ፍጡር አምጥቶ፣ የሐይቆቹን ሕይወት ክፉኛ አናግቷል።

ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1984 የመሥመሩን 25ኛ ዓመት በሌላ የጋራ ቴምብር አክብረዋል፤ ይህም የ1959ኙ ስምምነት የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። አንድ ወንዝ የሚጋሩ ጎረቤቶች ለአሥርት ዓመታት ከተከራከሩ በኋላ በእኩልነት በአንድ ሥዕል መስማማታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ቴምብሩም ይህን በማክበሩ አልተሳሳተም። ሆኖም ወንዝን የሚያከብር መታሰቢያ ሙሉ የሚሆነው ውኃው የሚያሻግራቸውን መርከቦች ብቻ ሳይሆን በዳርቻው የኖሩትንም ሲቆጥር ስለሆነ፣ ማንኛውም መንግሥት ለወንዙ ቴምብር ሲያወጣ ሠዓሊውን ከመጥራቱ በፊት የዳርቻውን ሰዎች ቢያማክር የተሻለ ሥራ ይሠራል።