ጠዋት አልነሳ የሚል አሮጌ የናፍጣ መኪና፦ ሞተር ከማስወረድዎ በፊት

ቀን ላይ ያለ ችግር ሲሠሩ የሚውሉ አሮጌ ሃይሉክሶችና ላንድክሩዘሮች የህዳርና የታህሳስ ብርድ ሲገባ ጠዋት ቶሎ አልነሳ ይላሉ። ጋራዥ ሲወሰዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ፖምፓው ደክሟል» ወይም «ሞተሩ መውረድ አለበት» የሚል ነው። ሁለቱም ከባድ ወጪ ያስከትላሉ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ብዙ ባለንብረቶች ያላቸውን መኪና ይዘው መቆየት ግድ ሆኖባቸዋል። ይሁንና ችግሩ ብዙውን ጊዜ በቀላል ወጪ የሚስተካከል ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ አያስፈልገውም። አየሩን አምቆ በማጋል ናፍጣው በራሱ እንዲቀጣጠል ያደርጋል። እንደ ቶዮታ 3ኤል እና 1ኤችዜድ ባሉ ሞተሮች አየሩ ወደ 22 እጥፍ ገደማ ይታመቃል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የሚፈጠረውንም ሙቀት ሌሊቱን የቀዘቀዘው ብረት ይወስደዋል። ይህንን ጉድለት የሚሸፍነው ካንዴሌታ የሚባለው ማሞቂያ ነው።

በመጀመሪያ ድምፁን ያዳምጡ

ሞተሩ በዝግታ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ጥፋቱ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። አዳሩን ያረፈ ጤነኛ ባትሪ በቴስተር ሲለካ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ቁልፉ ተይዞ ሞተሩ ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልክ በላይ እየሳበ ነው። ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ግን የገመዶቹን ማያያዣዎች አስፈትተው ያስጸዱ። ከሚገባው በላይ የወፈረ የሞተር ዘይትም በብርድ ሞተሩን ያከብደዋል።

ቀጥሎ ጭሱን ይመልከቱ

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ካወጣ ናፍጣው እየደረሰ ነው፤ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። በዚህ ጊዜ የሚጠረጠረው ካንዴሌታው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ምልክት በርቶ መጥፋቱ ካንዴሌታው መጋሉን አያረጋግጥም። መካኒኩ የሚያገናኛቸውን ቅጥልጥል ፈትቶ እያንዳንዱን ለየብቻ በቴስተር ይለካ። ጤነኛው 1 ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ያሳያል። የተቃጠለው ምንም ንባብ አይሰጥም። ሁሉም ጤነኛ ከሆኑ ኤሌክትሪክ የሚያደርሳቸው ሪሌና ፊውዝ ይታይ። አዲስ ሲገዙ በአሮጌው ላይ የተጻፈው ቮልት ተመሳሳይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለአነስተኛ ቮልት የተሠራው 12 ቮልት ላይ ሲገጠም ይቃጠላል።

ጭስ ጨርሶ ከሌለ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አልደረሰም። ሌሊቱን በላላ ማሰሪያ ወይም በተሰነጠቀ ጎማ አየር ገብቶ ናፍጣው ወደ ታንከሩ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን ሳይነኩ በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ይጫኑት። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ ችግሩ የአየር መግቢያ ነው።

የማይደረጉ ነገሮች

ካንዴሌታ ባለው ሞተር ላይ ኤተር መርጨት አደገኛ ነው። በጋለው ብረት ላይ ያለጊዜው ፈንድቶ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ቁልፉንም ከ15 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ሞተሪኖው እንዲበርድ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀው ይሞክሩ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ለውጥ ከሌለ የኢንጄክተሮቹ፣ የፖምፓውና የኮምፕሬሽን ተራ ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ሳለም የማይነሳና ዘይት የሚበላ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ያኔም ቢሆን ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ተለክቶ ቁጥሩ እንዲነገርዎ ይጠይቁ። ሳይለካ «አልቋል» የተባለ ሞተር እንዲወርድ አይፍቀዱ።