ቀጣዩ ከረጢት ከየት ይመጣል?

ስቶማ ማለት ሐኪም የአንጀትን ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል አውጥቶ ከቆዳ ጋር በመስፋት የሚያበጀው ሰው ሠራሽ የሰገራ መውጫ ሲሆን፣ ከትልቁ አንጀት የወጣው ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት መጨረሻ የወጣው ደግሞ ኢሊዮስቶሚ ይባላል። ቀዶ ሕክምናው በአንድ ቀን ያልቃል፤ በመውጫው ላይ የሚለጠፈው ከረጢት ግን ለወራት፣ ለአንዳንዱም ዕድሜ ልክ፣ ሳይቋረጥ መገኘት አለበት፤ ስቶማ እንደ ፊንጢጣ የሚዘጋና የሚከፍት ጡንቻ ስለሌለው ሰገራው ያለ ፈቃድ በማንኛውም ሰዓት ይወጣልና። በበለጸጉ አገሮች አቅራቢ መምረጥ ማለት በተወዳዳሪ ኩባንያዎች መካከል ማማረጥ ነው። በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በከሚሴና በጨፋ ሮቢት ለሚኖር ታካሚ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ዛሬ ከተለጠፈው ጋር የሚገጥመውን ቀጣዩን ከረጢት ማን ያመጣል?

ለስቶማ የሚዳርጉ ምክንያቶች ከአገር አገር ይለያያሉ። በአውሮፓ የአንጀት ካንሰር ከዋነኞቹ አንዱ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ በተለይም በሰሜኑ ክፍል የትልቁ አንጀት የታችኛው ቅስት በራሱ ላይ መጠማዘዝ የታወቀ የአንጀት መዘጋት መንስኤ ነው፤ የተጠማዘዘው ክፍል ደም አጥቶ ሲሞት ሐኪሙ የሞተውን ቆርጦ ከጣለ በኋላ፣ የቀሩትን ጫፎች ወዲያው ማገናኘት አደገኛ ሆኖ ካገኘው ኮሎስቶሚ ይሠራል። በጥይት የተበሳ አንጀትም፣ ከአምስት ሺህ ልደት በአንዱ ገደማ የሚታየው የፊንጢጣ አለመከፈትም ወደዚሁ ያደርሳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጊዜያዊ ይባላሉ፤ ነገር ግን ይህ ቃል የሚታመነው የመዝጊያው ቀዶ ሕክምና ወረፋ በቶሎ ሲደርስ ብቻ ስለሆነ፣ ለጊዜያዊ ስቶማ ጊዜያዊ አቅርቦት ይበቃል ብሎ ማሰብ ትልቅ ስሕተት ነው።

ዕቃው ራሱ ረጅም ታሪክ የለውም። ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ እህቷ ቶራ ስቶማ ከተሠራላት በኋላ ከቤት መውጣት በመፍራቷ ምክንያት በቆዳ ላይ የሚጣበቅ ከረጢት ያሰበችው እ.ኤ.አ. በ1954 ሲሆን፣ ሐሳቡን የተቀበለው የፕላስቲክ አምራች ኦጌ ሉዊስ-ሐንሰን በ1957 ኮሎፕላስት የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ዛሬ ከረጢቱ በሁለት መልክ ይመጣል፤ አንደኛው ከሚጣበቀው ሰሌዳ ጋር አንድ ወጥ የሆነ፣ ሁለተኛው ሰሌዳው ለብቻው ከቆዳ ላይ ቆይቶ ከረጢቱ በቀለበት የሚገጠምበት ባለ ሁለት ክፍል ነው። ችግሩም ከቀለበቱ ይጀምራል። የአንዱ አምራች ቀለበት 44 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 45፣ የሦስተኛው 40 ወይም 50 ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ተመሳሳይ ሲሆን እንኳ የአገጣጠም ሥርዓቱ ስለሚለያይ የአንዱ ከረጢት በሌላው ሰሌዳ ላይ ላይቆም ይችላል። ስለዚህ ከውጭ በልገሳ የሚመጣ፣ የተለያዩ አምራቾችን ትርፍ ዕቃ ያጨቀ ካርቶን ከላይ ሲያዩት በረከት ይመስላል እንጂ፣ ሰሌዳው ሳይኖር ከረጢቱ፣ ከረጢቱ ሳይኖር ሰሌዳው የደረሰው ሰው ምንም አልደረሰውም ማለት ይቻላል። የማያስተማምን አቅርቦት ላለው ሰው አንድ ወጥ የሆነውና በመቀስ በልክ የሚቆረጠው ዓይነት ውበቱ ቢያንስም የሚመረጥ ነው።

የጨፋ ምድር ደግሞ የራሱን መመዘኛ ይጨምራል። በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ከሚሴም ሆነ በቦርከና ወንዝ ዳር በተዘረጋው የጨፋ ሜዳ ላብ ሰሌዳውን ያላቅቃል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተከማቸም ማጣበቂያ ሳይከፈት ይበላሻል። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ የሰላቱ ማጎንበስና ግንባርን መሬት ማስነካት (ሩኩዕና ሱጁድ) ሆድን ሲያጥፉ አብሮ የሚታጠፍ ለስላሳ ሰሌዳ፣ ከሰላት በፊትም ሳይነቀል ከታች ተከፍቶ የሚደፋ ከረጢት ያስፈልጋል። በእስልምና ሕግ የሚወጣው ነገር የማይቆምለት ሰው ዑዝር ያለው ተብሎ ለእያንዳንዱ የግዴታ ሰላት አዲስ ውዱእ (የሰላት ትጥበት) አድርጎ እንደሚሰግድ የታወቀ ቢሆንም፣ ይህን ለታካሚው የሚነግረው ሰው ካልተገኘ ከመስጊድ የሚያስቀረው በሽታው ሳይሆን ፍርሃቱ ይሆናል። አምራቾች በመግለጫ ወረቀታቸው ስለ ዋና ይጽፋሉ፤ ስለ ሱጁድ ግን እምብዛም አይጽፉም።

አቅርቦቱ በሕግ ባለቤት አለው። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የሚባለው ድርጅት፣ በደሴ ቅርንጫፍ አለው፤ የሕክምና ዕቃዎችን የመመዝገብና የመቆጣጠር ኃላፊነት ደግሞ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሚከፍለው ውል ከገቡ ተቋማት ለሚገኝ አገልግሎት በመሆኑ፣ በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ የሌለ ዕቃ በተግባር ከታካሚው ኪስ የሚወጣ ይሆናል። ያን ጊዜ አቅራቢው የደሴ ወይም የአዲስ አበባ የግል አስመጪ፣ ወይም ከዐረብ አገር የሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ሁሉም በአንድ መንገድ ይመጣሉ። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው፣ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፎ በነበረበት ወቅት የታየው፣ አንድ መንገድና አንድ መጋዘን ላይ የተንጠለጠለ አቅርቦት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ነው። የማይቋረጠው ብቸኛ አቅራቢ የገበያው ፌስታል ነው፤ በጨርቅ ታስሮ የሚለጠፈው ፌስታል ግን ስለሚያፈስ ቆዳውን ያቃጥላል፤ የኢሊዮስቶሚ ፈሳሽ ምግብ የሚፈጭ ኢንዛይም ስለሚይዝ ጉዳቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታያል።

በአገር ውስጥ ከሚታዩት አሠራሮች ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1974 በሬጂናልድና በካትሪን ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። በወሊድ የተቀደደው ፊኛቸው ሊጠገን ላልቻለ ሴቶች ሽንትን በሆድ በኩል በሚለጠፍ ከረጢት የሚቀበል መውጫ ይሠራላቸዋል፤ ቀዶ ሕክምናውን የሠራው ተቋምም ክትትሉን አይተውም፤ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ያለው ደስታ መንደርም ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሴቶች የታሰበ ነው። ቁም ነገሩ ቀዶ ሕክምናና አቅርቦት በአንድ እጅ መያዛቸው ነው። በአጠቃላይ ሆስፒታሎች ሁለቱ ተለያይተዋል።

ስለሆነም በአቅራቢ ምርጫ ውስጥ ዋጋ ሁለተኛ ነው፤ ቀዳሚው ያው ልክ ከወር በኋላም ይገኝ እንደሆነ ነው። ስቶማ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንታት ስለሚሟሽሽ፣ በዚህ ጊዜ ብዙ ማከማቸት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ልኩ ከረጋ በኋላ ቀዳዳው ከስቶማው ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ መቆረጥ አለበት። ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የስቶማው ስፋት፣ የከረጢቱ ዓይነትና የአምራቹ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ቢይዝ፣ ደሴ የሚላክ የጎረቤት ልጅም ሳይሳሳት ይገዛለታል። ሰሌዳው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢቀየር ለአንድ ሰው በዓመት 104 ሰሌዳ ይበቃል፤ አሥር አሥር በሚይዝ እሽግ ሲሰላ 11 እሽግ፣ በሚኒባስ ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ካርቶን ነው።