የምኒልክ ፈረስ፦ ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ሐውልት

በክርያት ያምና በአካባቢዋ ባሉት ክራዮት የምንኖር ብዙ ቤተሰቦች ወደ እስራኤል ከመግባታችን በፊት አዲስ አበባ ላይ ቆይተናል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወገኖቻችን ከጎንደር መንደሮቻቸው ተነሥተው፣ በኤምባሲው አካባቢ ቤት ተከራይተው፣ ተራቸውን ለወራት ጠብቀዋል። በእነዚያ ወራት ወደ ፒያሳ ብቅ ያለ ሰው ሁሉ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ የፊት እግሮቹን ያነሣ ፈረስና በላዩ ዘውድ ደፍቶ የተቀመጠ ንጉሥ ማየቱ አይቀርም። “ምኒልክ ናቸው” ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ሐውልቱ ለምን እዚያ እንደቆመ፣ አንድ ጊዜም ተነቅሎ ከመሬት በታች እንደተቀበረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ይህን ለመጻፍ ያሰብንበት ምክንያት አለ። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጋር ለጢዩል ወደ ቤት ሸዓሪም ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳሉ፤ ከከተማችን በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ በኮረብታው ላይ በፈረሱ ተቀምጦ ሸለቆውን የሚመለከት የአሌክሳንደር ዛይድ ሐውልት አለ። ዛይድ “ሃሾሜር” የተባለውን የጠባቂዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ በዚያው አካባቢ ሲጠብቅ በ1938 ተገደለ። ስለ እርሱ መምህሮቻቸው በደንብ ይነግሯቸዋል። ስለ ፒያሳው ፈረሰኛ ግን ከእኛ በቀር የሚነግራቸው የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች የኢትዮጵያ ካልተባሉ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ዐፄ ምኒልክ የኢጣሊያን ጦር ዓድዋ ላይ ያሸነፉት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ማለትም በማርች 1 ቀን 1896 ነው። የሞቱት በ1913 ነው። ሐውልቱ የቆመው ግን እሳቸው ካረፉ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1930 ነው። ያሠሩት ራስ ተፈሪ፣ ማለት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ናቸው። በጀርመናዊ ባለሙያ ተነድፎ ተሠራ፤ የተመረቀውም በኖቬምበር 1፣ በንግሡ ዋዜማ ነው። ቦታውም እንዲሁ አልተመረጠም። የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ራሳቸው ምኒልክ ናቸው፤ የጊዮርጊስ ታቦት ወደ ዓድዋ ዘምቶ ነበርና የድሉ መታሰቢያ ነው። በማግስቱ ዘውድ የተደፋውም በዚያው ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ይህ የአንድ ብልህ ፖለቲከኛ ሥራ ነው። ለንግሡ ከአውሮፓና ከአሜሪካ እንግዶች መጥተዋል፤ ከኢጣሊያም የንጉሡ ዘመድ የኡዲኔ ልዑል ተገኝተው ነበር። አዲሱ ንጉሥ በእነዚህ ሁሉ ፊት፣ ንግግር ሳያበዙ፣ ኢጣሊያንን ያሸነፈውን ሰው በፈረስ አስቀምጠው አሳዩአቸው። ኢጣሊያኖቹም መልእክቱን አልዘነጉትም፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

አንዳንድ ሽማግሌዎቻችን “እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሠራል?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ብረት የአባቶቻችን ሙያ ነውና። አባቶቻችን ወናፍ እየነፉ ብረቱን በከሰል አግለው፣ በጉጠት ይዘው፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ማረሻና ማጭድ ያወጡ ነበር። የነሐስ ሐውልት ግን አይቀጠቀጥም፤ ይፈስሳል። ነሐስ መዳብና ቆርቆሮ አብሮ ቀልጦ የሚገኝ ነው። በተለመደው ዘዴ መጀመሪያ ቅርጹ በጭቃ ወይም በጀሶ ይሠራል። ከዚያ በውስጥና በውጭ ቅርጽ መካከል ስስ የሰም ሽፋን ይቀመጣል፤ ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ ከ1,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ነሐስ ይገባበታል። ትልቅ ሐውልት በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ በክፍል በክፍሉ ተሠርቶ ይገጣጠማል። ስለዚህ ፈረሱ ሲታይ ድፍን ቢመስልም እንዲህ ያለ ሐውልት ውስጡ ባዶ ነው። ፈረሱ የፊት እግሮቹን ሲያነሣ ደግሞ ሥራው ይከብዳል፤ ያ ሁሉ ክብደት በኋላ እግሮቹ ላይ ይወድቃልና። በነገራችን ላይ ልጆቻችን “ነሖሼት” የሚሉት ዕብራይስጥና የእኛ “ነሐስ” ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው።

ስለ ብረት ሥራ ካነሣን ስለ ምኒልክ ሌላ ነገር መናገር ይገባል፤ ለእኛ ማኅበረሰብ ከዓድዋ ድል ባላነሰ የሚነካን ነውና። በ1908 ምኒልክ፣ ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን “ጠይብ”፣ ቆዳ የሚያለፋውን “ፋቂ” እያሉ፣ ሸማኔውንም በሌላ ስም እየጠሩ ማዋረድ ይቅር የሚል ነው። እጁ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲሰደብ ሙያውን እየተወ አገር ይደኸያል የሚል ሐሳብ አለበት። አዋጁ ግን ከአዲስ አበባ ወጥቶ ጎንደር መንደር ውስጥ ኑሮ አልለወጠም። “ቡዳ” የሚለውን ስም እናቶቻችንና አባቶቻችን እስከመጡበት ቀን ድረስ ሰምተውታል፤ በሸክላ ሥራ የሚተዳደሩ እናቶችም ገበያ ላይ ከዚያ አላመለጡም። የንጉሡ ፈረስ ከውጭ አገር ተሠርቶ ሲመጣ አገሩ ሁሉ ያደንቃል፤ የአገሩ ቀጥቃጭ ግን ይሰደባል። ይህን ሳያነሡ የነሐስን ሐውልት ማወደስ ለእኛ ጎደሎ ይመስለናል።

ወደ ኢጣሊያኖቹ እንመለስ። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው በሜይ 5 ቀን 1936 ነው። ከገቡ በኋላ ካስቸኮሏቸው ሥራዎች አንዱ ይህን ሐውልት ማንሣት ነበር፤ ትእዛዙም ከሮም የመጣ ነው። ሕዝቡ እንዳይነሣ ፈርተው በሌሊት ነቀሉት፤ ከመሬት በታችም ቀበሩት። በባቡር ጣቢያው አጠገብ የነበረውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ወደ ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። የአክሱምንም ሐውልት በ1937 ወሰዱ፤ እሱ ወደ አገሩ የገባው በ2005 ነው። እኛ እዚህ ላይ የምንገረምበት ነገር አለ፦ አንበሳውን ለምርኮ ሲወስዱት ምኒልክን ግን ለማሳየትም አልደፈሩም፤ ያሸነፈህን ሰው ሐውልት ሮም ላይ አቁመህ ምን ብለህ ታሳያለህ?

በ1941 ኢጣሊያ ተሸንፋ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲመለሱ ሐውልቱ ከተቀበረበት ወጥቶ በቦታው ቆመ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የእኛም ዕድሜ ያየው ነው። በ1974 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ የምኒልክን ሐውልት አልነካም፤ የዓድዋን ድል መካድ ለማንም መንግሥት ከባድ ነውና። በ1983 ግን በአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የሌኒንን ሐውልት አቆመ። ያ ሐውልት ስምንት ዓመት ብቻ ቆየ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሜይ 21 ቀን 1991 ሸሹ፤ በ23ኛው ቀን ሰዉ ሌኒንን ጎትቶ ጣለ፤ በማግስቱ፣ በ24ኛው ቀን፣ የሰሎሞን ዘመቻ ተጀመረ። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ወጡ። እንግዲህ በዚያ ሳምንት አዲስ አበባ የነበረ ቤተሰብ አንዱ ሐውልት ሲወድቅ ሌላው ሲቀር በዓይኑ ባያይ እንኳ በጆሮው ሰምቷል። ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው።

እውነቱን ለመናገር ምኒልክን ሁሉም ኢትዮጵያዊ በአንድ ዓይን አያያቸውም። በደቡብና በምሥራቅ ያስገበሩበትን ጦርነት በምሬት የሚያስታውስ ብዙ ሕዝብ አለ፤ በአርሲ በአኖሌ በ2014 የተመረቀው ሐውልት የዚያ ትዝታ ነው። ከ1991 በኋላ የፒያሳው ሐውልት ይነሣ የሚሉ ድምፆች ተሰምተዋል። ሐረር ላይ የነበረው የራስ መኮንን ፈረሰኛ ሐውልት ደግሞ፣ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት በ2020 ፈርሷል። ራስ መኮንን የዓድዋ ጦር አለቃ፣ የኃይለ ሥላሴም አባት ናቸው። በ2023 የዓድዋ በዓል ቀን በምኒልክ አደባባይ የተሰበሰበውን ሕዝብ የጸጥታ ኃይሎች በአስለቃሽ ጭስ በትነውታል። ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ ነሐሱ ዝም ቢልም በዙሪያው ያለው ክርክር ዝም እንደማይል ነው።

ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እወቁ። ድሮ የምታውቋት ፒያሳ የለችም ማለት ይቻላል፤ በ2024 አብዛኞቹ አሮጌ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ትልቁ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በአቅራቢያው ተከፍቷል። መንገዱ ከጠፋባችሁ ወደ ጊዮርጊስ ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈረሱን ስታዩ ደርሳችኋል። የካቲት 23 ቀን ከልጆች ጋር የምትሄዱ ግን በጠዋት ውጡ፤ ሰው ይበዛል።