ከፊት የሚሄደው ሰው፦ በአስጎብኚ የሚመራ የተራራ ጉዞና የአካባቢ ኃላፊነት

በተራራ ጉዞ ላይ አካባቢን ስለመጠበቅ ሲወራ ምክሩ በአብዛኛው የሚሰጠው ለተጓዡ ነው፦ ቆሻሻህን ይዘህ ተመለስ፣ እንስሳውን አትመግብ፣ ከመንገድ አትውጣ። ምክሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ስሜንም ሆነ ባሌ፣ ኪሊማንጃሮም ሆነ ኤቨረስት፣ አብዛኛው ሰው ብቻውን አይወጣም። ከፊቱ መንገድ የሚያሳይ አስጎብኚ ይሄዳል፤ እንደ ቦታው ጠመንጃ ያነገተ ስካውት፣ በቅሎ ነጂ፣ ተሸካሚና ምግብ አብሳይ ይከተሉታል። ድንኳን የት እንደሚተከል፣ በምን እንደሚበሰል፣ ከጭላዳው መንጋ በስንት እርምጃ ርቀት እንደሚቆም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የዘርፉን ደንቦች ስመረምር ደጋግሜ የምመለስበት ጥያቄ አንድ ነው፦ አስጎብኚው "አይሆንም" ብሎ እንጀራውን ሳያጣ ማደር ይችላል ወይ?

ዛሬ በብዙ አገር ለአስጎብኚዎች የሚሰጠው ትምህርት መነሻው አሜሪካ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የደንና የፓርክ መሥሪያ ቤቶች የተጓዡ ብዛት ሲያስጨንቃቸው "ዱካ አትተው" የሚባለውን ትምህርት ቀስ በቀስ ቀረጹ፤ በ1994 ራሱን የቻለ ድርጅት ተቋቋመለት። ሰባት መርሆች አሉት። ጥንካሬው በአፈርና በውሃ እውቀት ላይ መቆሙ ነው። ከቤት ውጭ የሚጸዳዳ ሰው ከውሃ 60 ሜትር ያህል እንዲርቅና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር እንዲቆፍር የሚነገረው፣ በዚያ ጥልቀት ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ዐይነ ምድሩን ስለሚያበሰብሱት ነው። ጭቃ ሲያጋጥም በመሃል እለፉ የሚባለውም፣ ጫማውን ለማዳን በዳር የሚሄድ ሰው ሁሉ መንገዱን እያሰፋ ሣሩን ስለሚገድል ነው። ሆኖም ደንብ ከቦታ ቦታ ይለያል። ከ3,500 ሜትር በላይ ብርዱ መበስበስን ያዘገየዋል፤ እዚያ ላይ ጉድጓድ ብቻውን አይበቃም፣ በሰፈሩ መጸዳጃ ቤት መኖር አለበት። ይህን የሚያውቀውና የሚያስረዳው ቦታውን የኖረበት ሰው ነው።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው በ1969 ሲሆን በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የመጀመሪያው ዙር ውስጥ ገባ። በ1996 አደጋ ላይ ወዳሉት ቅርሶች ዝርዝር ወረደ፤ ከዚያ የወጣው በ2017 ነው። ከመውጣቱ በፊት ከተወሰዱት እርምጃዎች ትልቁ በፓርኩ እምብርት የነበረውን የግጭ መንደር ማንሣት ነበር። ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ግጦሹ ሲቆም ሣሩ አገገመ፤ የተነሡት ሰዎች ኑሮ ግን ዛሬም መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ የሚያድር ቡድን ያለ ስካውት አይገባም። አስጎብኚውም በቅሎ ነጂውም በየማኅበራቸው ይሠራሉ። ይህ ሥርዓት ገቢውን ከመከፋፈሉም በላይ በተራራው ላይ ሁልጊዜ የሚያይ ዓይን እንዲኖር አድርጓል። በሚያዝያ 2019 እሳት ፓርኩን ሲበላ፣ የኬንያ ሄሊኮፕተርና የእስራኤል ባለሙያዎች ከመድረሳቸው በፊት ዳገት ለዳገት የታገለው የአካባቢው ሰው ነበር። የሰሜኑ ጦርነትና የጸጥታው ችግር ጎብኚውን ሲያርቅ ግን የእነዚህ ሰዎች ገቢ ደረቀ። በ1960ዎቹ ሊጠፋ ተቃርቦ ከዚያ በጥበቃ ያንሠራራው ዋልያም ባለፉት ዓመታት ቁጥሩ እንደገና በእጅጉ አሽቆልቁሏል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የጎብኚ መቅረት ብቻውን አያስረዳውም። ቢሆንም በዋልያው በሕይወት መኖር የሚጠቀም ሰው ሲያንስ ለዋልያው የሚቆረቆርም እንደሚያንስ አልጠራጠርም።

የስሜኑ ጭላዳ ሰውን አይሸሽም። ሣር የሚግጥ እንስሳ በመሆኑ መንጋው መሃል ተቀምጦ ፎቶ ማንሣት ይቻላል፤ ፈተናውም ከዚሁ ይመጣል። ከጎብኚ እጅ ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ ወደ ገበሬው ገብስ ይወርዳል፣ ገበሬውም በድንጋይና በውሻ ይጠብቀዋል። "ትንሽ ቀረብ እንበል" የሚል እንግዳ ሲመጣ አስጎብኚው በልቡ የሚያሰላው ግልጽ ነው። የቀን ክፍያው ትንሽ ከሆነና ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በመጨረሻው ቀን በሚሰጠው ቲፕ ከሆነ፣ እንግዳን ማስከፋት ከልጆቹ ጉሮሮ መንጠቅ ይሆንበታል። ይህን በሥልጠና ብቻ ማረም አይቻልም። ክፍያው ሲስተካከል ነው አንደበቱም የሚፈታው።

ይህ እንደሚቻል የሩዋንዳና የዩጋንዳ የተራራ ጎሪላ ጉብኝት አሳይቷል። ሩዋንዳ ውስጥ በሥርዓት የተጀመረው በ1979 ገደማ ሲሆን ደንቡ ጥቂትና ጥብቅ ነው፦ አንድ የጎሪላ ቤተሰብ በቀን አንድ ቡድን ብቻ ያየዋል፣ ቡድኑ ከስምንት ሰው አይበልጥም፣ ቆይታው አንድ ሰዓት ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው፣ ገንዘቡን ቢከፍልም፣ ወደ ጎሪላዎቹ አይቀርብም፤ የሰው በሽታ ይገድላቸዋልና። ሰዓቱን የሚቆጣጠረውም "በቃ" የሚለውም መሪው ነው። የሚደግፈው ሕግ አለ፣ ደመወዝ አለው፣ የጉብኝቱ ፈቃድም ውድ ነው፤ ሩዋንዳ በ2017 ዋጋውን ወደ 1,500 ዶላር አሳድጋ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን የገቢ ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገች። የጎሪላው ቁጥር በ2018 ከ1,000 በላይ መድረሱ ሲታወቅ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ምድብ አወጣው።

ኤቨረስት ላይ የታየው ከዚህ ይለያል። ኔፓል በ2014 እያንዳንዱ ተራራ ወጪ ቢያንስ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ ደነገገች፤ ያላወረደ ያስያዘውን 4,000 ዶላር ያጣ ነበር። ብዙዎቹ ግን 8 ኪሎውን ከታችኞቹ ሰፈሮች እየሞሉ ገንዘባቸውን ተቀበሉ፤ አደገኛውና ከባዱ ቆሻሻ ከላይ ቀረ። ሚዛኑ ክብደትን እንጂ ቦታን አይለካም ነበር። ኪሊማንጃሮ ላይም ቆሻሻ በበሩ ይመዘናል፣ የተሸካሚው ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳያልፍም ተወስኗል። ሁለቱ ደንቦች የተያያዙ ናቸው፤ ከአቅሙ በላይ የተጫነና በአግባቡ ያልተከፈለው ተሸካሚ የሰውን ቆሻሻ ተሸክሞ እንዲወርድ መጠበቅ አይገባም።

ባሌ ላይ ጉዳዩ ከቆሻሻም ይረቅቃል። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ የሚገኙት ባሌ ነው። ትልቁ ጠላታቸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሲሆን በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003ና በ2008 ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። የተራረፈ ምግብ በሰፈሩ ዙሪያ የሚጥል ቡድን ውሻ ይጠራል፤ ውሻው በሽታውን ይዞ ቀበሮው አይጥ የሚያድንበት ሜዳ ይደርሳል። አጥንቱን ሰብስቦ የሚያስወግድ ምግብ አብሳይ ሳይታወቅለት የጥበቃ ሥራ እየሠራ ነው። በሳነቴ አምባ በሚያልፈው መንገድ መኪና የገጫቸው ቀበሮዎችም አሉ፤ እዚያ "ቀስ በል" የሚለው አስጎብኚ ነው ወይም ማንም አይደለም።

ስለዚህ ሁሉ ከውጭ ብቻ መማር ያለብን ይመስላል፤ መንዝ ግን ሌላ ታሪክ አላት። የጓሳ ሣር የሚበቅልበትን ደጋ የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። መሬቱ አስቦና ጌራ ተብሎ ተከፍሎ ለየወገኑ አለቃ ተሾመለት። ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ዘግቶ የሚከፍተው፣ የሚጠብቀውና የሚያጭደው ያው ሕዝብ ነበር። የ1975ቱ የመሬት አዋጅ የርስቱን ሥርዓት ሲያፈርስ ቄሮውም አብሮ ወደቀ፤ ሰዉ ግን ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አቆመው፤ በ2008 ቦታው የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ሆኖ ታወቀ። ዛሬ እዚያ የሚሄድ እንግዳ የሚያድረው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው፤ የሚመራውም የዚያው አገር ልጅ ነው። ይህ ሰው "ከዚህ ማለፍ አይቻልም" ሲል የሚናገረው በአያቶቹ ደንብ ስም ነው። ቲፕ ማጣት የሚያስፈራው ከሆነም ከጀርባው ሙሉ አገር አለ። ለኢትዮጵያ አስጎብኚዎች የሚጻፍ መመሪያ ከአሜሪካው ሰባት መርሆ በፊት ጓሳን ማንበብ አለበት ባይ ነኝ።

ከጓሳ ጋር ሳነጻጽር የሚያሳስበኝ ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ መጨረሻ የሚወጡት የሃይኪንግ ቡድኖች ናቸው። ወጣቶች ተሰባስበው ወደ ወንጪ፣ መናገሻ ሱባ፣ የረርና ዝቋላ መውጣታቸው እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ትውልድ ያስፈልገናል። ነገር ግን ከአዘጋጆቹ ብዙዎቹ ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው አይቀጥሩም፤ የቡድኑ ብዛት ወሰን የለውም፤ አንዳንዴ በአውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዲት ቀጭን መንገድ ይወጣል። የተጣለው ሃይላንድ በየቁጥቋጦው ሥር ይቀራል፣ የመንደሩ ሰውም ከእንግዳው የሚያገኘው አቧራና ቆሻሻ ነው። እዚህ መለወጥ ያለበት ብዙ ወጪ አይጠይቅም፦ ከየመንደሩ ሁለት ሦስት መሪ በተቆረጠ ዋጋ መቅጠር፣ ክፍያውን ከትኬቱ ላይ አስቀድሞ መቁረጥ፣ ቡድኑን በትንንሹ መከፋፈል፣ ሰውን ከመንገድ የመመለስ ሥልጣኑንም ለመሪው በግልጽ መስጠት። አዘጋጁ ገና አውቶቡሱ ሳይነሣ "ዛሬ የምንሰማው እሷን ነው" ብሎ የመንደሯን ልጅ ቢያስተዋውቅ፣ ቀሪውን እሷ ታውቅበታለች።