የጉለሌ ውሃ ለድሃ ሲሆን ለምን ይወደዳል?

በጉለሌ ክፍለ ከተማ ውሃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው በቆጣሪ ተለክቶ ለአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሚከፈለው ታሪፍ ነው። ሁለተኛው ቧንቧው ሲደርቅ በጀሪካን የሚከፈለው የገበያ ዋጋ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል። ስለሆነም ጀሪካኑ በ5 ብር ቢሸጥ ገዢው ሜትር ኩቡን በ250 ብር ሸመተ ማለት ነው። ጅምላና ችርቻሮ በጤፍም በስኳርም ይለያያሉ፤ የውሃን ያህል ግን አይራራቁም።

የውድነቱ አንዱ ምክንያት አቀበቱ ነው። ከተማዋ ውሃ የምታገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከተሠራው ገፈርሳ፣ በ1970 ከተጠናቀቀው ለገዳዲ፣ በ1999 ከታከለው ድሬና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ ጉድጓዶች የሚገኙት በዝቅተኛው ደቡብ ሲሆን፣ በእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ ከዚያ 500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ያህል ሽቅብ ይገፋ ቢባል በስሌት 1.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኃይል ይጠይቃል፤ የፓምፑ ብክነት ሲታከል ወደ 2 ይጠጋል። ግፊት በቀነሰ ቁጥር ቆላው ሰፈር ቀድሞ ይቀዳል፤ ዳገቱ ፈረቃውን ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋም ፓምፑ ይቆማል።

ሁለተኛው ምክንያት የታሪፉ አሠራር ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ የሚል ሲሆን፣ ዓላማውም ጥቂት የሚጠቀመውን ድሃ መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ አባወራዎች አንድ ቆጣሪ በሚጋሩበት ግቢ የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ወደ ውዱ እርከን ይወጣል። ድጎማው የግል ቆጣሪ ላለው ይደርሳል፤ ተከራዩ የባለቆጣሪውን ትርፍ ጨምሮ ይከፍላል።

ሮቶ ያለው ሰው ውሃው በሌሊት ሲመጣ ሞልቶ ያድራል። አንድ በርሜል ብቻ ያለው ግን ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ጀሪካን ገበያ ይወጣል። ደላላው ቤት ሲያከራይ አስቀድሞ «ውሃ አለው» የሚለው ያለ ነገር አይደለም፤ የፈረቃው ዋጋ ኪራዩ ውስጥ ገብቷል።

ጉዳቱ በኪስ ብቻ አይቆምም። መስመሩ ባዶ ሲሆን በተሰነጠቀ ቧንቧ ቆሻሻ ሊገባ ይችላል። ጀሪካን ውስጥ ቀናት የቆየ ውሃም ክሎሪኑ እየሳሳ ይሄዳል። በውድ የተገዛ ውሃ ንጹሕ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ጀሪካን ሻጩን ማሳደድ ዋጋውን አያወርደውም፤ እጥረቱን ያብሰዋል እንጂ። የሚያወርደው የቆጣሪ ማስገቢያ ወጪን በየወሩ ከፋፍሎ ማስከፈል፣ በጋራ ቆጣሪ ላይ አባወራዎችን ቆጥሮ ታሪፉን ማስላት፣ በዳገቱ ላይ ማጠራቀሚያና ቦኖ መጨመር፣ ፈረቃውንም በተነገረው ቀን ማክበር ነው። ሮቶና ፓምፕ ለሚነግድ ሰው እጥረቱ ገበያ ነው። ሆኖም ፓምፑን በቀጥታ ከመስመሩ ላይ የሚገጥም ደንበኛ የሚስበው የጎረቤቱን ድርሻ ነው፤ ያ ጎረቤትም ነገ ጀሪካን ይዞ ይሰለፋል።